ልጆቹ በሕይወት ሳሉ

ጅዳ፣ በግዳዲያ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሲያ፣ ለአያቴ እህት የልጅ ልጅ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? የእናትሽስ ጉልበት ተሻላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሳንተያይ ዘመድ ብለሽ ቆጥረሽን፣ አምስት ጁምዓ ሙሉ ከደሴ በስልክ መስኮት እያየሽ፣ ልጅ የተጨነቀበትን ቤት ሄደን የምናነጋግር አመቻች እንድንሆን ስላስተማርሽን ስድስታችንም ሴቶች ዱዓ እናደርግልሻለን። አላህ በእውቀትሽ ላይ እውቀት ይጨምርልሽ።

ይህን ደብዳቤ ፊልጶስ ነው የሚያመጣው። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው፤ አዲስ አበባ ሲገባ በደሴ አውቶቡስ ይልክልሻል። «በዚህ ዘመን ደብዳቤ?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ። የኔን ስልክ ባሌ ሐሩንም ይከፍተዋል፣ ጎረቤትም ሊደውልበት ይዋሰዋል፤ የሰው ቤት ጉዳይ እዚያ ውስጥ አይቀመጥም። ስለዚህ የሥራችንን ክትትል በወረቀት አድርጊልኝ።

አሁን የመጀመሪያውን ቤት ልንገርሽ። ሸምሲያን ታስታውሻታለሽ፤ ከስድስታችን ዝምተኛዋ፣ ልብስ ሰፊዋ። ከሷ ጋር በኒ ማሊክ ሰፈር ዒሳ የሚባል ሰው ቤት ሄድን። ዒሳ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ልጁ ኢስራ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ሳይታደስ ቆይቶ አንድ ዓመት ከትምህርት ቤት ቀረች። ኢቃማው ከታደሰም በኋላ «አልሄድም» ብላ ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች። ከአባቷ ጋር ቃል ከተለዋወጡ አራት ወር ሆኗቸዋል። እናቷ ምግቧን በር ላይ አስቀምጣላት ትመለሳለች።

አልደብቅሽም፣ ጥሩ አድርገን ሠራን። ለልጅቱ በበሩ ቀዳዳ ስለ ሶብር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ነገርኳት። አባትየውን «አንተ ምን ዓይነት አባት ነህ?» ብዬ ልክ ልኩን ነገርኩት። እናትየዋንም መከርኳት። አንድ ሰዓት ሙሉ አላረፍኩም። ሸምሲያ ግን ጥግ ይዛ ዝም አለች፤ ስንወጣ ተቆጣኋት። በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንበላቸው? ስማቸውን ለአንቺ ብቻ እንደምጽፍ ነግሬ አስፈቅጃቸዋለሁ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው።
አክስትሽ ሸሪፋ

—

ደሴ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ሸሪፋ፤

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። ደብዳቤዎ በደህና ደረሰኝ። እናቴ «የሸሪፋ እጅ ጽሑፍ የአያቷን ይመስላል» ብላ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን።

አክስቴ፣ በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እየለመንኩ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ዒሳ ስንት ደቂቃ ተናገረ? እናትየዋስ? ልጅቱስ? ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት ከነሱ አንድም ቃል አልተሰማም።

እኔም የምክር አገልግሎት ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ይኸው ደርሶብኛል። ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ ፊት ተቀምጬ ስለ ተስፋ አንድ ሰዓት ሰበክሁ። ስጨርስ «ጨረስሽ?» አለችኝና ተነሥታ ወጣች። ደግማ አልመጣችም። ዛሬም ደሴ ገበያ ውስጥ የምትመስለኝን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ሸምሲያን አይቆጧት። በሚቀጥለው እሷ ትምራ፤ እርስዎ አጠገቧ ይቀመጡ። አንዱን ጥያቄ ጠይቃ መልሱ እስኪመጣ ትጠብቅ። ልጅቱ በር ከከፈተች ደግሞ የተለማመድነውን ጥያቄ ሳታድበሰብስ ትጠይቃት፦ ራስሽን ለመግደል አስበሽ ታውቂያለሽ? መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፤ ካለ ግን ያወጣዋል። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ በቤት ያለ መድኃኒት ሁሉ ይነሣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትድረስ። የአመቻች ጥያቄ እዚያ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪም ነው፤ አመቻች ቤተሰቡን ይዞ አብሮ ይቆያል።

ሌላም ልጠይቅዎ። በመጀመሪያው ጁምዓ ራስዎን ሲያስተዋውቁ «ሂንድ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሟን አንስተው አያውቁም። እንዴት ናት?

ታዛዥዎ አሲያ

—

ጅዳ፣ በግዳዲያ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሲያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እናትሽን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሦስት ቀን አኮረፍኩሽ። የአርባ ሰባት ዓመት ሴትዮ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ አገር ስኖር ስንት ማዳም አፌን ልታዘጋኝ ሞክራ አልቻለችም። ደሴ የተቀመጠች የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «ዝም ይበሉ» ትበለኝ? በአራተኛው ቀን ግን «እስቲ ይኸው፣ ዝም ብዬ ላሳያት» ብዬ ሄድኩ። ልታፍሪ ነው ብዬ ነበር። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ሸምሲያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ዒሳን «ልጅህ በሩን ከመዝጋቷ በፊት የነበረችውን ንገረን» አለችው። ዝም አለ። እሷም ጠበቀች። እኔ ምላሴን በጥርሴ ይዣለሁ። ከሙከይፉ፣ ከማቀዝቀዣው፣ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ከስንት ጊዜ በኋላ ዒሳ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ተናገረ። «እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ከፊሌ፣ ኢቃማውን የሚያሳድስልኝ አሠሪ፣ ሲያመላልሰኝ አባትሽ ወረቀት የለውም ልላት አፈርኩ። ‹ስለማታጠኚ ነው ያስቀረሁሽ› አልኳት። ጎበዝ ተማሪ ነበረች እኮ!» አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።

በሩ ተከፈተ። ኢስራ ሁሉን ሰምታ ነበር። አባቷን አልፋ ሸምሲያ አጠገብ ተቀመጠች። ሸምሲያም ያንን ጥያቄ ጠየቀቻት። እኔ ልብሴን ጨምድጄ ያዝኩ። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ። ሸምሲያ፣ ያቺ በገበያ ዋጋ መጠየቅ የምትፈራ ሴት፣ «ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። ዛሬ ብቻሽን አትሆኚም» አለቻት። እናትየዋ መድኃኒቱን ሁሉ በፌስታል ሰበሰበች። ከአሱር ሶላት በፊት የአገራችን ልጅ ከሆነችው ዶክተር ሩታ ዘንድ ደረስን። አሁን በየሳምንቱ ታያታለች።

አሁን ደግሞ ሙሽኪላው፣ ችግሩ። የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ኢንጂነር ሙላቱ አስጠራኝ። «የሰው ቤት እየገባችሁ ሴት ልጆችን እብድ የሚል ስም ትሰጣላችሁ አሉ። የገባችሁበትን ቤት ስም ዝርዝር አምጪ፤ ኮሚቴው ያጣራል» አለኝ። ዝርዝር የለኝም አልኩት፤ አንቺ «የቤት ስም አይጻፍ» ብለሽ አስተምረሽናል። «እንግዲያው በቃልሽ ንገሪን» አለኝ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ከዚህ አፍ አይወጣም» ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ሁሉ ወሬዬ በኋላ ዝም በማለቴ የኮራሁባት የመጀመሪያዋ ቀን ይቺ ናት፤ ያስተማርሽው ጠቀመ።

አላህ ይጠብቅሽ።
ሸሪፋ

—

ደሴ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ሸሪፋ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎን በአውቶቡስ መናኸሪያው ቆሜ አነበብኩት። እንባዬን ያየ ሰው «መርዶ ነው?» ብሎኛል። ለሸምሲያ እንዲህ ይበሉልኝ፦ እኔ ያንን ጥያቄ አንድ ጊዜ ሳልንተባተብ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የኢንጂነሩን ነገር ግን አይናቁት። ሰው ሲሰበሰብ ፖሊስ ሊመጣ ይችላል ብሎ ፈርቶም ሊሆን ይችላል፤ ያ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ሂዱ፤ ስም ግን አይስጡ።

አክስቴ፣ አሁን የምጽፈው ሊያስቆጣዎ ይችላል። በክትትል ጊዜ እያንዳንዷን አመቻች አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ ስሙን የማታነሺው ቤት የትኛው ነው? እርስዎ የዒሳን ቤት ምንጣፍ ሳይቀር ጽፈውልኛል። ከራስዎ ቤት ግን ሙከይፍ እንኳ አይሰማም። ስለ ሂንድ ጠየቅሁ፤ አልመለሱልኝም። ቤትዎ ከከበደዎት ሥራውን ለአንድ ወር ለሸምሲያ ይልቀቁላት። ይህ ቅጣት አይደለም። ውኃ የሚቀዳ ሰው ገንቦውን የሚያሳርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ታዛዥዎ አሲያ

—

ደሴ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ሸሪፋ፤

ዒድ ሙባረክ። ረመዳን ገብቶ ወጣ። ፊልጶስ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ገባ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን። በስልክ ብጠይቀው «‹መልስ የለም በላት› ብላኛለች» አለኝ።

ሪፖርት አልጠይቅዎም። ካስቀየምኩዎ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥያቄዬን ግን አልተወውም። በሕይወት እንዳሉ ብቻ ይጻፉልኝ።

አሲያ

—

ጅዳ፣ በግዳዲያ
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሲያ፤

ሰላም ላንቺና ለቤተሰብሽ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ቀድጄው ነበር፤ ከዚያ በፕላስተር ለጥፌ መልሼ አነበብኩት።

ሂንድ ቤት አልነበረችም። ካለፈው ዓመት ነሐሴ ጀምሮ መካ ዓዚዚያ፣ የሐሩን እህት ዘንድ ነበረች። ሐሩንም በሐጅ ሰሞን ለሑጃጅ በሚከራየው የእህቱ ሕንፃ ላይ ስለሚሠራ ለሰዉ ለመንገር ቀላል ነበር፤ «ሂንድ አክስቷ ዘንድ ቁርኣን በቃሏ እየሐፈዘች ነው» አልን። ውሸት ነው። በነሐሴ ሦስት ቀን ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ለምን እዚያ እንደደረሰች ለመናገር መብቱ የሷ ነው፤ ከልክላኛለች፤ አንቺም አትጠይቂኝ። እኔ ያደረግሁትን ግን እነግርሻለሁ። ከሆስፒታል በወጣች በአራተኛው ቀን ሻንጣዋን አዘጋጅቼ ከፊቴ አራቅኋት። ከዚያ ዘመድ አዝማድ አጠያይቄ አንቺን አገኘሁና «አስተምሪን» አልኩሽ። የሰው ልጅ ላድን ተነሣሁ፤ የኔን ሸሽጌ።

በረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት ዓዚዚያ ሄድኩ። ሂንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእንግዶችን አንሶላ ታጥፋለች። ስገባ ቀና ብላ አይታኝ ሥራዋን ቀጠለች። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም ማጠፍ ጀመርኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ወላሂ አሲያ፣ እንደዚያ ቀን ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ግማሹን ክምር ከጨረስን በኋላ እጇ ቆመ።

«ሌሽ?» አለችኝ። ለምን?

«ላንቺ ብዬ ነው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «ሰው ፈርቼ» አልኳት።

«ልጅሽ እኔ ነኝ ወይስ ሰዉ?»

የያዝኩትን አንሶላ አስቀመጥኩ። «እንሂድ» አልኳት። ለሐሩን ደውዬ ብነግረው «አሁን ጅዳ ብትመለስ ምን እንላለን?» አለ። «ምንም» አልኩት። ያቺን ቀን በታክሲ ተመለስን፤ መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያየች ሄደች፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ባለፈው ጁምዓ የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። ሙላቱ በሰው ፊት ሊጠይቀኝ እንደሆነ አውቄያለሁ። ከመሄዴ በፊት ሂንድን «ስለ ቤታችን ልናገር?» ብዬ ጠየቅኋት። አሰበችና «አንቺ ያደረግሽውን ተናገሪ። እኔ ያደረግሁት የኔ ነው» አለችኝ። ስንት ሥልጠና ብትሰጪ ከዚህ የተሻለ ሕግ አታወጪም።

አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ሙላቱ «ወይዘሮ ሸሪፋ፣ የቤቶቹን ስም ለኮሚቴው ታሳውቂያለሽ ወይስ እንወስን?» አለ። ተነሣሁ።

«አንድ ስም መስጠት እችላለሁ፤ የራሴን» አልኩ። «ልጄ በታመመች ጊዜ እናንተን ፈርቼ ከቤቴ አርቄ ደበቅኋት። ቁርኣን ትሐፍዛለች ብዬ ዋሸኋችሁ። ሰባት ወር። በእያንዳንዱ ለቅሶና ሠርግ አጠገባችሁ ተቀምጬ ዋሸሁ። ያስደበቀኝ ይኸው የምትጠይቁኝ ዝርዝር ነው። ሌላ ስም ከኔ አታገኙም።»

ሙላቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ላቡን እየጠረገ «እኔ እኮ የምፈራው ለሁላችንም ነው፤ ፈቃድ የሌለው ስብሰባ የሁላችንንም በር ያስንኳኳል» አለ። ከኮሚቴው አንዱ ግን ጮኸ፦ «ከእድር ትሰረዝ! ስትሞት ማን እንደሚያነሣት እናያለን!»

ሳቄ መጣ። በዚህ ሰፈር ሴት ሙስሊም ስትሞት ገናዧ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት እኔ አጥቤያለሁ፤ ካጠብኳቸው ውስጥ ሁለቱ ገና ልጆች ነበሩ። እንዴት እንደሞቱ ቤተሰቦቻቸው እንጂ ማንም አልተነገረውም፤ እኔ ግን አጥቤያቸዋለሁ፣ አውቃለሁ። «የሞቱ ልጆቻችሁን ያጠብኩ እኔ ነኝ» አልኩ። «ያኔ በር የከለከለኝ የለም። ከእንግዲህ ግን በሕይወት ሳሉ ነው የምመጣው። ሰርዙኝ።»

ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ተነሣ። ዒሳ ነው። «ሁለተኛው ስም የኔ ነው፤ ልጄ ፈቅዳለች» አለና ቁጭ አለ። ሌላ የተነሣ የለም። እጅ ወጥቶ ተቆጠረ፤ አመቻቾቹ የምንገናኝበትን አዳራሽ ከለከሉን፣ እኔን ሰረዙኝ።

 አልዋሽሽም፣ ፈርቻለሁ። ግን አልመለስም።

አክስትሽ ሸሪፋ

—

ደሴ
ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ሸሪፋ፤

ዒድ አልአድሓ ሙባረክ። እርስዎን፣ ሂንድን፣ ሐሩንንም አላህ በሰላም ያቆያችሁ።

እኔም የደበቅሁትን ልንገርዎ። ኮሚቴው ስም እንደጠየቀዎ ሲጽፉልኝ መጀመሪያ የጻፍኩት መልስ ሌላ ነበር፤ «ለጊዜው ሥራውን ያቁሙ» የሚል። ይህን ያልኩት ለእርስዎ ደኅንነት ብቻ አልነበረም። ኃላፊዬ «የጅዳ ሴቶች ከእቅዳችን ውጭ ናቸው፤ የሆነ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል?» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። ደብዳቤውን ለፊልጶስ ላሽገው ስል ስለ ሸምሲያ የጻፉትን ደግሜ አነበብኩና ቀደድኩት።

ባለፈው ሰኞ ኃላፊዬ ዳግም ጠራኝ። የእርስዎን ደብዳቤ ካነበብኩ ገና ሁለት ቀኔ ነበር። «የሥራ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ቅዳሜ ግን የኔ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የጅዳ ሴቶች አሉኝ» አልኩት። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጠኝ። ተቀብዬ ፈረምኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፤ እናቴ ካወቀች ትሞታለች፣ እባክዎ አይንገሩብኝ።

አንድ ትእዛዝ ግን አለኝ፤ የአሁኑ ልመና አይደለም። ይህን ሁሉ ብቻዎን አይሸከሙ። እስከ ዛሬ የነበረው ክትትል ከእርስዎ ወደ እኔ ነበር። አሁን ስድስታችሁ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እርስ በርስ ተከታተሉ፤ እርስዎ ተራ ሲደርስዎ ሸምሲያ ትጠይቅዎት፣ እርስዎ ይመልሱ። ሂንድም የራሷ ሐኪም ይኑራት፤ እናት ለልጇ አመቻች አትሆንም። ለሷ እናት ብቻ ይሁኑላት።

ልጅዎ አሲያ

—

ጅዳ፣ በግዳዲያ
ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሲያ፤

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስሽ። በእናትሽ ነገር አብሽሪ፣ አትስጊ፤ ምስጢር መያዝ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።

ትእዛዝሽን ፈጽሜያለሁ። ሸምሲያ ስትጠይቀኝ እንዴት እንደምታስፈራ ብታዪ! ዓይኗን አትሰብርም። ባለፈው «ሂንድን ስትቆጪ የምትቆጪው ማንን ነው?» ብላ አስለቀሰችኝ። ሂንድም ዶክተር ሩታ የመራቻት ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ ምን እንደሚያወሩ አልጠይቅም። ይህ ጾም ከረመዳን ይከብዳል።

አዳራሽ ስንከለከል ዒሳ ሚኒባሱን ከፈተልን። አሁን አመቻቾቹ የምንገናኘው እዚያ ውስጥ ነው፤ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ሙከይፉን ለቆ ባሕሩ ዳር ያቆመዋል፤ ለሚያየን ወደ ሽርሽር የሚሄድ ቤተሰብ ነን። እሱ ራሱ ከሦስት አባቶች ጋር ባሕሩ ዳር ካለው ግንብ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ አንድ ቀን ግን አንዱ ጫማውን ይዞ ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ዒሳ ዝም ብሎ አጠገቡ ቆመ። ማንም ሳያስተምረው! ወይም ሸምሲያ አስተምራው ይሆናል። ወንዶቹን አንቺ አሠልጥኚልን፤ አራት ናቸው፤ ቅዳሜሽን እንሻማለን።

ኢስራ ለመስከረም ተመዝግባለች። ከአባቷ ጋር አሁንም ይኳረፋሉ፤ ግን በአፍ ነው የሚኳረፉት፣ በር ዘግተው አይደለም።

ከሰረዙኝ ሰዎች ቤት አንዲት እናት በሁለተኛው ሳምንት መጥታ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስሟን አልነግርሽም።

ከእድሩ የተጻፈ ደብዳቤም መጥቶልኛል፤ ማኅተም ያለበት። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሥራውን ላቁም ብል ወደ አባልነት ሊመልሱኝ ነው። ሐሩን አነበበውና «ምን ልትመልሺ ነው?» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። ብዕር አንሥቶ በራሱ እጅ «እኔንም ሰርዙኝ» ብሎ ጻፈበት። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

አላህ ክፉ አያሳይሽ። ይህን ስጽፍልሽ ገና ከሂንድ ጋር ተጣልተን ነው። ስለ ፀጉሯ አንድ ቃል ተናገርኩ፤ ሁለት መለሰችልኝ፤ በዐረብኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው፤ ወሎዬ ሴት እንኳ እንደዚያ አትሳደብም። ከዚያ የክፍሏን በር ደርግማ ዘጋችው፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቀች። ከበሩ በስተውስጥ ሆና፣ ጮክ ብላ፣ በኔ ሳቀች።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ይስማ።

ሸሪፋ